ለቅሶ የደረሱ ላሞች

ሰነፍ የሚባል ሰው የለም። ያለው ኃይሉን የሚቆጥብ ሰውና ያንን ቁጠባ ማየት የማይችል ጎረቤት ብቻ ነው። ይኼን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም... እሺ፣ ራሴን ለመከላከል ነው። ግን ሳይንስም ከጎኔ ነው። ሳይንሱን ከየት አመጣኸው ካላችሁኝ፣ ከገዛ ቤቴ! ባለቤቴ ሰብለ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ኃይል በመቆጠብ ላይ ነው። እኔም ሶፋው ላይ ተጋድሜ ለዓመታት በተግባር ስለማመደው ኖሬያለሁ። ልዩነታችን፣ ለእሷ ዲግሪ ይሰጧታል፤ እኔን "ተነስ!" ይሉኛል።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ሰብለ ጠዋት አዲስ አበባ ወርዳ ታስተምራለች፣ እዚያው ትማራለች፣ ስትመለስ ደግሞ እራት ትሠራለች። እኔ ቤት ተቀምጬ ይኼን የምታነቡትን እጽፋለሁ። የምርምሯን ርዕስ መጀመሪያ የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"በተንቀሳቃሽ ሽቦ አልባ የሴንሰር መረብ ውስጥ ኃይል ቆጣቢ የመልእክት መንገድ አመራረጥ" አለችኝ።

"ግሩም ነው!" አልኳት።

"ምን ገባህ?"

"ሽቦ እንደሌለው።"

እናንተም እንደኔ እንዳታፍሩ ላስረዳችሁ። የክብሪት ቀፎ የምታክል እቃ አለች። ውስጧ ሙቀትና እንቅስቃሴ የሚለካ፣ ያለችበትንም ቦታ የሚያውቅ ሴንሰር፣ ትንሽዬ ራዲዮና ትንሽዬ ባትሪ አላት። ያየችውን ለመናገር ከሩቅ ብትጮህ ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አትጮህም። አጠገቧ ላለችው ሹክ ትላለች፣ ያቺም ለሚቀጥለው ሹክ ትላለች፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ወሬው እኛ ጣሪያ ላይ ከተተከለው መቀበያ ይደርሳል። ከመካከላቸው አንዷ መሪ ትሆናለች፤ የሌሎቹን ሁሉ ወሬ ሰብስባ የምታሳልፈው እሷ ናት። ወሬ ባሳለፈች ቁጥር ቀይ መብራቷ ብልጭ ይላል፤ መሪነቱ ሲደርሳት ደግሞ "ጢጥ" ትላለች።

"ይኼማ ሐሜት ነው!" አልኳት።

ሰብለ ቢላዋውን አስቀምጣ አሰበች። "ሐሜት ነው" አለች በመጨረሻ። "የእኔው ግን ሳይጨመርበት ነው የሚደርሰው።"

ችግሩ "ተንቀሳቃሽ" የሚለው ላይ ነው። እቃዎቹ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ መታሰር አለባቸው። አንዷ ጓደኛዋ ቡራዩ ላይ ባጃጆች ላይ አስራ ሞከረች፤ ባጃጆቹ ተራ ሲጠብቁ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትረው ዋሉባት። ሌላው ሰበታ ላይ ውሾች ላይ ሞከረ፤ ስለ እሱ ብዙም አይወራም። ሰብለ ግን ዞር ብላ ሰፈሯን አየች። ሱሉልታ የወተት አገር ነው። ላሞቻችን ጠዋት ወጥተው መስኩን ሲያዳርሱ ይውላሉ፤ እኔ በዓመት የማልሄደውን መንገድ በአንድ ቀን ይሄዱታል። ላም ላይ ወሰነች።

መጀመሪያ የሄድነው የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ጉደታ ዘንድ ነው። ቡሬ የምትባል ላም አለቻቸው፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ጉደታ?" አለች ሰብለ፣ እቃውን ይዛ።

"ነጋ! ደህና ነኝ ልጄ። ይኼ ነገር ወተቷን አያስጥላትም?"

"ኧረ አያስጥላትም!"

"ዓይን አያስገባባትም?"

"አገጯ ስር ነው የሚሆነው፤ ማንም አያየውም።"

"እና ምን ታደርጋለች?"

"አጠገቧ ካለችው ላም ጋር ታወራለች። ለምሳሌ... ከአዴ ጫልቱ ላም ጋር።"

አዴ ጫልቱ አጥር የሚያዋስናቸው ጎረቤታቸው ናቸው። አጥሩ ደግሞ ወደ ማን እንደተገፋ እስካሁን አልተስማሙም። ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። "እኔና ጫልቱ ከተነጋገርን ቆይተናል" አሉ። "እንግዲህ ላሞቹ ይነጋገሩ።"

እቃዋ ከጠፍር ጋር ተሰፍታ ቡሬ አንገት ላይ ስትታሰር አዩና፣ "ማተብ አሰርሽላት በይኛ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የሰብለ እቃ በሰፈሩ ስሙ ማተብ ሆኖ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ረጅም ስም አውጥቶለት ነበር፤ ማን ያስታውሰዋል?

ልንወጣ ስንል ሰብለ መለስ አለችና፣ "ኦቦ ጉደታ፣ ይኼ እቃ የእኔ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው። ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አደራ!" አለቻቸው። ኦቦ ጉደታ ሳቁን ትተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አደራሽን ተቀብያለሁ" አሉ። አዴ ጫልቱንም፣ ሌሎቹንም ባለ ላሞች በየበራቸው እየዞረች እንዲሁ አደራ አለቻቸው። ይቺን አደራ የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ፤ መዘዟ ከኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። የሰብለ አማካሪ፣ ዶክተሩ፣ ነጭ ጫማ አድርጎ ከአዲስ አበባ መጣና በረንዳችን ላይ ተቀመጠ። ላሞቹ ኮምፒውተሩ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ፈተናው አንድ ነው፦ ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ የምትግጠው ላም መልእክት፣ ላም ለላም እየተቀባበለ እኛ ቤት መድረስ አለበት፤ አንድም ባትሪ መሞት የለበትም። ቡሬ ግን እንደ ባለቤቷ ሊቀመንበር ናት፤ መሐል መሐል ላይ መቆም ትወዳለች። ስለዚህ ሁሉም ወሬውን በእሷ በኩል አሳለፈ። የሁሉን ሸክም ተሸክማ ገና ሳይረፍድ ባትሪዋ ድርግም አለ፤ መረቡም ለሁለት ተበጠሰ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባላል፤ የእኛ ድር ላም እንኳ ማሰር አቃተው።

"መረቡ ሞቷል" አለ ዶክተሩ፣ ድምፁን ሳይቀይር። "ሌላም ነገር አለ። ላሞቹ በዘፈቀደ ይንቀሳቀሳሉ ብለሽ ነው የጻፍሽው። እርግጠኛ ነሽ?"

"ላሞች ናቸው እኮ ዶክተር..."

"አንድ ዕድል ልስጥሽ" አላት። "ከዚያ በኋላ እኔ ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር ነኝ።"

እሱ ከሄደ ሌላ አማካሪ፣ ሌላ ርዕስ፣ ሀ ብሎ መጀመር ማለት ነው። መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ጊዜ ደግሞ ዘንድሮ ያበቃል። ባጭሩ ያቺ አንዲት ሙከራ ካልሆነች፣ ዲግሪው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ሆኖ መቅረቱ ነው። ሰብለ ዶክተሩን ሸኝታ ተመለሰችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሳዘነችኝ። ቀልዱን ልተወውና፣ በጣም አሳዘነችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ታክሲ ላይ ቆማ ስታነብ፣ ወጥ እያማሰለች ስትጽፍ አይቻታለሁ። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻይ ላፍላልሽ ልላት አሰብኩ፤ ማሰቡ ራሱ ደከመኝ።

ሰብለ ግን ሰብለ ናት። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ደንብ አመጣች። "ከእንግዲህ መሪ የሚሆነው መሐል የቆመው አይደለም፤ ብዙ ኃይል የቀረው ነው" አለችኝ። "ሲደክመው ይወርዳል፤ ያልደከመው ይረከባል።"

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ! ፍትሐዊ ነው! በጣም ፍትሐዊ!" ብዬ አጨበጨብኩላት። ከሶፋው ሳልነሳ።

ለወሳኟ ቅዳሜ እኔም ሥራ ተሰጠኝ። ባለ ላሞቹን በሙሉ ዞሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ላሞቻቸውን ወደ ማዶ መስክ እንዲያወጡ መንገር አለብኝ። ሁሉም ቤት ልዞር? እኔ የሳይንቲስት ባል አይደለሁም እንዴ? አጥር ላይ ተደግፌ ለኦቦ ጉደታ ብቻ ነገርኳቸውና "ለሚቀጥለው ያስተላልፉልኝ" አልኩ። ኃይል ቆጣቢ መንገድ! አዴ ጫልቱ ዘንድ ሲደርስ እንዴት እንደተላለፈ አላውቅም፤ ብቻ ማምሻውን ሁሉም ሰምቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ዶክተሩን ለመቀበል በባጃጅ ወደ አስፋልቱ ወጣች። እኔ ቁርሴን እየበላሁ ነው። ድንገት ጥሩምባ ተነፋ።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አባባ ቶላ ዐርፈዋል! ቀብር ዛሬ ስድስት ሰዓት! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

አባባ ቶላ ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው ነው ያረፉት፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን እንጀራውን አስቀመጥኩ። በእኛ ሰፈር የለቅሶ ቀን ከብት አይወጣም። ማን ያግዳል? ባልም፣ ሚስትም፣ ልጅም ድንኳን ነው የሚውሉት። ላም ሁሉ ጭድ ይጣልላትና በረት ታስራ ትውላለች። የታሰረች ላም ደግሞ ተንቀሳቃሽ መረብ አትሆንም። ለሰብለ ልደውል ስል ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ።

ዶክተሩ ያንኑ ነጭ ጫማ አድርጓል። ሰብለ ፈገግ ብላ በረንዳው ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"አባባ ቶላ ዐረፉ" አልኳት በጆሮዋ።

"ውይ! ነፍሳቸውን ይማር... ላሞቹስ?"

"እነሱ ደህና ናቸው።"

"የት ናቸው?"

"ቤታቸው።"

ሰብለ ልትነግረው ወደ ዶክተሩ ዞረች፤ አፏን ከፈተች...

"ተንቀሳቀሱ!" አለ ዶክተሩ፣ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከለ።

ሁለታችንም ሮጠን አየን። እውነቱን ነው! ነጥቦቹ ከየቤታቸው ወጡ። መንገዱ ላይ ተገናኙ፣ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ሆኑ፣ ተያይዘው ሄደው አንድ ቦታ ላይ ተሰበሰቡ። እኔና ሰብለ ተያየን። ማን አወጣቸው?

"እዚህ ቦታ ምንድን ነው ያለው?" ዶክተሩ ጠየቀ።

ሰብለ መዋሸት አይሆንላትም። ስለዚህ እኔ ዋሸሁላት። "ውሃ አለ" አልኩ።

"ይቺ ላም ታማለች መሰለኝ" አለ ቀጥሎ፣ የቡሬን ነጥብ እያሳየ። "ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች... ሐኪም አይታታል?"

"ጠባይዋ ነው" አልኩ። ምን ልበል?

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ነጥቦቹ በአንዴ ብድግ አሉ። በረጅሙ ተሰልፈው ወደ ጉብታው መውጣት ጀመሩ። ዝግ ብለው... ማንም ማንንም ሳይቀድም። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገው። "ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያላቸው ላሞች አይቼ አላውቅም!" አለ። "በዘፈቀደ አይደለም አላልኩሽም?"

ሰብለ መናገሩም መተዉም አቃታት። ላም እሳት ወለደች ማለት ይኼ ነው፤ እንዳትልሰው እሳት ሆነባት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት! ይባስ ብሎ የሰልፉ ጭራ ከእኛ ቤት እየራቀ ሄደና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ደበዘዘ። መልእክቱ እኛ ጋ ሊደርስ መሐል ላይ አንዲት ላም ጎደለች። ሰብለ ወደ ኩሽና ጠራችኝ። እጇ ላይ መጠባበቂያው ማተብ አለ።

"ሂድና በእኛና በጉብታው መሐል ያለው ድልድይ ጋ ቁም።"

"እንደ ምን?"

"እንደ ላም።"

"ሰብለ... ባልሽ እኮ ነኝ!"

"እሱን ነገ ትሆናለህ" አለችና አንገቴ ላይ አሰረችው። ጋቢዬን ከላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ለነገሩ ለቅሶም መድረስ ነበረብኝ፤ በአንድ ድንጋይ... እንደምታውቁኝ ቆጣቢ ነኝ።

ድልድዩ ጋ እንደቆምኩ ስልኬ ጠራ። ሰብለ ናት። "ደረሰ! ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለችው መልእክት ደረሰ! እንዳትንቀሳቀስ!" አለችኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሰው "አትንቀሳቀስ" ብሎ ሲለምነኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታዬን እያጣጣምኩ ሳለ ግን ቀብሩ አልቆ ሰው ከጉብታው መውረድ ጀመረ። ለቀስተኛ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ተገትሮ ማየት ነውር ነው። መሐላቸው ገባሁ፤ እየገፉ እየገፉ ድንኳኑ ውስጥ ከተቱኝ።

እጄን ታጥቤ ንፍሮ ተቀበልኩና ኦቦ ጉደታ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበር ስለሆኑ እንግዳ በገባ ቁጥር ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ሲነሱ ኮታቸው ስር ቀይ መብራት ብልጭ አለ። ሲቀመጡም ብልጭ አለ።

"ኦቦ ጉደታ... ቡሬ የት ናት?"

"ቤት ናት።"

"ማተቧስ?"

ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። "እዚህ።"

"ለምን ፈቱት?"

"ምን ነካህ ልጄ? ዛሬ በየቤቱ ሰው የለም። ሌባም ጥሩምባ ይሰማል! የሰው አደራ ባዶ ቤት ጥዬ ልምጣ?"

"ቡሬንስ ባዶ ቤት ጥለው አልመጡም እንዴ?"

"ቡሬ ብትሰረቅ የእኔ ናት" አሉኝ። "ማተቡ የሰው ነው።"

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት አዴ ጫልቱ ሰምተውን ኖሮ መቀነታቸውን ገለጥ አደረጉ፤ እዚያም ቀይ መብራት! ሌላው ከጋቢው ጫፍ ቋጥሮታል። ሌላዋ ከነጠላዋ ስር አንጠልጥላዋለች። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ የሰብለን አደራ ተሸክሞ ለቅሶ መጥቷል።

"ጉደታ" አሉ አዴ ጫልቱ፣ ከአጥሩ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ያንተ ቶሎ ቶሎ ይበራል፤ የእኔ ምነው ዘገየ?"

"እስቲ አምጪው ልየው" አሉ ኦቦ ጉደታ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱን ማተቦች ማስተያየት ያዙ።

ያን ጊዜ የእኔ አንገት፣ "ጢጥ" አለ።

ባትሪዬ ገና ሙሉ ስለሆነ መሪነቱ ለእኔ ደርሷል ማለት ነው። ለካ ሰው በለቅሶ ቤትም ይሾማል! ከኋላዬ ያሉ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ስልክህን አጥፋው እንጂ አንተ! ለቅሶ ቤት አይደል?"

"ስልክ አይደለም እማማ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የላም ነው።"

እማማ አንድ ቦታ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

የባሰው ከበር በኩል መጣ። ዶክተሩ ነጥቦቹ ተመልሰው መሰብሰባቸውን ሲያይ፣ "እነዚህን ላሞችማ በዓይኔ ማየት አለብኝ!" ብሎ ተነስቶ ኖሯል። ስልኩን እያየ፣ ነጥቡን እየተከተለ፣ ነጭ ጫማው ጭቃ ሆኖ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ሰብለ ከኋላው ናት። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሁሉም ብድግ አለ፤ አስቀመጡት፣ እጁን አስታጠቡት፣ እፍኙን በንፍሮ ሞሉለት። ዶክተሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው "ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ ስልኩን አየ። ነጥቦቹ በሙሉ ከበውታል። በፊቱም፣ በኋላውም፣ በጎኑም ላም ነው።

እሱ ሐሳቡ ያለው ባትሪዎቹ ላይ ነው። ቀና ብሎ ለሰብለ ጮክ አድርጎ፣ "የሞተ አለ?" አላት።

የድንኳኑ ሰው በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

"አለ እንጂ ልጄ" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ረጋ ብለው። "ለምን መጣህ ታዲያ?"

ዶክተሩ ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ላሞቹ የት አሉ?" አለ።

ሰብለ ነጠላዋን በእጇ ትጠመዝዛለች። ኦቦ ጉደታ እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ማተቡን ከኮታቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ላሞቹ ቤት ናቸው ዶክተር" አሉ። "እኛ ነን የመጣነው።"

አዴ ጫልቱም አወጡ። ሌሎቹም ተራ በተራ አወጡ። እኔም ጋቢዬን ገለጥኩና አንገቴን አሳየሁት።

"ዶክተር" አለች ሰብለ። "ላሞቹ እንዳልወጡ አውቅ ነበር። ልነግርዎት ስል ነጥቦቹ ተንቀሳቀሱ፤ ዝም አልኩ። ሰዎቹ ይዘውት እንደመጡ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። አይሆንም ካሉኝ... እቀበላለሁ።"

ዶክተሩ ንፍሮውን ማኘክ ቀጠለ። እንዲህ ቀስ ብሎ ንፍሮ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ርዕስሽን በይልኝ እስቲ" አላት።

"በተንቀሳቃሽ ሽቦ አልባ የሴንሰር መረብ ውስጥ ኃይል ቆጣቢ የመልእክት መንገድ አመራረጥ።"

"ላም የሚል የት አለ?"

"...የለም።"

"ተንቀሳቅሰዋል?"

"ተንቀሳቅሰዋል።"

"ከጉብታው የተላከው ደርሷል?"

"ደርሷል።"

"ባትሪ ያለቀበት?"

"አንድም የለም። ሁሉም ተካፍሎታል።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?" አላት። "አንድ ነገር ብቻ ታርሚያለሽ። በዘፈቀደ ይንቀሳቀሳሉ የምትለዋን አውጪያት። እዚህ አገር በዘፈቀደ የሚንቀሳቀስ የለም።"

ሰብለ እዚያው ቆማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያ ሁሉ ታክሲ፣ ያ ሁሉ ወጥና ወረቀት በአንዴ በዓይኗ ወጣ። ሴቶቹ ሲያዩዋት አልቻሉም፤ "ወይኔ ልጄን! ምን ያህል ትወዳቸው ኖሯል!" እያሉ ደረታቸውን እየደቁ አብረዋት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አባባ ቶላ ቀኑን ሙሉ ከተለቀሰላቸው ሁሉ ያ ይበልጥ ነበር፤ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ሰብለን ሲያገኟት ቆመው ያመሰግኗታል።

ማተቦቹ በሙሉ ተመለሱ። አንድም አልጎደለም። ቡሬም፣ እግዜር ይመስገን፣ ከነጭዷ በረት ተገኘች።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። ማምሻውን ግን እኔ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስለ ድላችን ሳስብ፣ ሰብለ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሁሉም እኩል ደክሟል" አለች። "አንድ ብቻ ሙሉ ኃይል ያለው አለ።"

"የእኔ ማተብ ነዋ! መጠባበቂያ አይደል?"

"የማተቡን አይደለም የምልህ፤ ያንተን ነው። ከተጋባን ጀምሮ ስትቆጥብ ነው የኖርከው። ደንቡ ምን ይል ነበር? መሪ የሚሆነው ማን ነው?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ማን ነው?"

"...ብዙ ኃይል የቀረው።"

"ፍትሐዊ ነው ብለህ አጨብጭበሃል" አለችና ቢላዋውንና ሽንኩርቱን ሰጠችኝ። ማተቡን ላወልቅ እጄን ስሰድ ያዘችኝ። "እሱን እንዳትፈታው" አለች። "አደራ!"

እንግዲህ አደራ ምን እንደሆነ ከኦቦ ጉደታ ተምሬያለሁ፤ አልፈታሁትም። ይኼን የምጽፍላችሁ እሷ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ሆና ነው። ምሳውን ጥጄ፣ ሽንኩርቱን ልጬ፣ ጀርባዬን ለአንድ አፍታ ብቻ ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። አንገቴ "ጢጥ" አለ። ወዲያው ስልኬም ጮኸ፤ የሰብለ መልእክት ነው።

"ነጥቡ ሶፋው ላይ ነው። ሽንኩርቱ ያለው ኩሽና ነው።"